አንድ ፖስታ፣ ሁለት ቴምብር

ባለፈው ሰሞን ከመሀል ከተማ አንድ ሰነድ ሊላክልኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ፖስታ፣ ውስጡ ሦስት ገጽ ወረቀት። ላኪዎቹ የማድረሻውን ሒሳብ ከፍለው ጨርሰዋል። ሞተረኛው ደወለ። «ሎኬሽን ላክልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደወለ። አሁን ድምፁ ተለውጧል።

«አራብሳ ነው እንዴ? እኔ ጎሮ ነው የተባልኩት። ከዚህ በላይ ከሆነ ይጨመራል።»

ጨመርኩ። ምን አደርጋለሁ? እሱም ቢሆን እስከ ቤቴ አልመጣም። ጎሮ ላይ ፖስታውን ለአንድ ሚኒባስ ረዳት ሰጠው። ረዳቱ ደግሞ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ላለች ሱቅ ጥሎት አለፈ። ማታ ከሥራ ስመለስ ከባለሱቋ ተቀበልኩ። ከዳቦው ጋር።

ለአንድ ፖስታ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። አንዱ ክፍያ ከተማውን ላቋረጠበት፣ ሌላው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ለሄደበት። ሁለቱ ክፍያዎች አይተዋወቁም። የመጀመሪያው ደረሰኝ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። ፖስታው ቢጠፋ ኖሮ ማንን እጠይቅ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ሞተረኛው «ለረዳቱ ሰጥቻለሁ» ይላል። ረዳቱ «ሱቅ አስቀምጫለሁ» ይላል። ባለሱቋ ምን ዕዳ አለባት?

ይህ የአራብሳ ጣጣ ብቻ አይደለም። ኮዬ ፈጬም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ ቡራዩም፣ ለገጣፎም ያለ ሰው ያውቀዋል። የዘመኑ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁም። ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች አብዝተው የሚወዱት አንድ ዓይነት አሮጌ ፖስታ አለ። ሁለት ቴምብር የተለጠፈበት ነው። አንዱ ቴምብር የመንግሥት፣ ሌላው የአውራጃ። እኔ ቴምብር ሰብሳቢ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ልጅ ሆኜ ከደብዳቤ ላይ በውኃ እያላቀቅሁ ደብተር ላይ እለጥፍ ነበር፣ ያ ፍቅር አልለቀቀኝም። ያን ቀን ማታ ፖስታዬን ይዤ ደረጃ ስወጣ ትዝ ያለኝ ግን ያ ባለ ሁለት ቴምብሩ ፖስታ ነው።

መንግሥት የሚያቆምበት፣ መንደሩ የሚጀምርበት

ታሪኩ የሩሲያ ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1861 ገባሮቿን ነፃ አወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1864፣ ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሁለተኛ «ዜምስትቮ» የሚባሉ የአካባቢ ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ ፈቀደ። ተመራጮቹ ከባላባቱም ከከተሜውም ከገበሬውም ይመጣሉ። ባላባቱ እንደሚያመዝን ግን ግልጽ ነው። ምክር ቤቶቹ ከአካባቢው ግብር ይሰበስባሉ፤ በዚያው ገንዘብ መንገድ ይጠግናሉ፣ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ፣ ሐኪም ይቀጥራሉ።

የመንግሥቱ ፖስታ በዚያን ጊዜ የሚናቅ አልነበረም። ቴምብር ካወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። ከፒተርስቡርግ የተነሣ ደብዳቤ እስከ አውራጃው ዋና ከተማ በደህና ይደርሳል። እዚያ ግን ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንደር የራሱ ጉዳይ ነው። አውራጃ ስንል ደግሞ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ አንዳንዱ የአንድ ትንሽ አገር ያህል ይሰፋል። ክረምቱ በረዶ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ጭቃ ይሆናል። የመንደሩ ሰው ደብዳቤ እንዳለው የሚያውቀው ወይ ራሱ ከተማ ሲወርድ ነው፣ ወይ ከገበያ የተመለሰ ጎረቤት ይዞለት ሲመጣ። «በሰው እጅ» እንደምንለው ማለት ነው።

ምክር ቤቶቹ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከማንም ትእዛዝ አልጠበቁም። ቬትሉጋ የሚባል አውራጃ በ1865 የራሱን ፖስታ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ሽሊሰልቡርግ፣ ከፒተርስቡርግ ብዙም የማይርቅ አውራጃ፣ የራሱን ቴምብር አወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖስታውን የጀመሩት ለሰው ደብዳቤ ብለው አልነበረም። ምክር ቤቱ በየመንደሩ አስተማሪና ሐኪም አለው። ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፣ መመሪያ ይልክላቸዋል። የግብር ወረቀት አለ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ አለ። ስለዚህ ፈረስና ጋሪ በየሳምንቱ ይወጣል። ለማንኛውም ከወጣ አይቀር፣ የገበሬውን ደብዳቤና የባላባቱን ጋዜጣ ቢይዝ ምን ይጎዳዋል? ጋሪው ባዶ ቦታ አለው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። አዲስ ነገር አልፈጠሩም። የሚሄደውን ነገር አዩና ጫኑበት።

አሠራሩም ቀላል ነበር። የመንግሥቱ ፖስታ ወደ አውራጃው ከተማ የሚገባበት ቀን ይታወቃል። የምክር ቤቱ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከረጢቱን ይረከባል፤ በተወሰነለት መስመር ይዞራል። በየንኡስ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ያራግፋል፣ የሚሄደውን ይቀበላል፣ ይመለሳል። በየቤቱ አይዞርም። ገበሬው ከጽሕፈት ቤቱ ይወስዳል። ማንበብ ካልቻለም ጸሐፊው ያነብለታል። ከእኛ ሱቅ ጋር አይመሳሰልም? ባለሱቋ አታነብልኝም እንጂ ሌላው ያው ነው።

ማዕከላዊው መንግሥት ይህን ሲያይ መጀመሪያ ግራ ገባው። በመጨረሻ በ1870 ፈቃዱን በይፋ ሰጠ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ የመንግሥት ፖስታ በሚሄድበት መንገድ ላይ እንዳትገቡ። ሁለተኛ፣ ቴምብራችሁ የእኛን እንዳይመስል። ሦስተኛው ነገር የሚያስቅ ነው። ፖስተኞቻቸው የአውራጃውን ዓርማ ከረጢታቸው ላይ ማድረግ ይችላሉ፤ የፖስታ ቀንደ መለከት ምልክት ግን አይፈቀድላቸውም። ቀንደ መለከቱ የመንግሥት ነው! ሥራውን ውሰዱ፣ ክብሩን ግን ተዉልን እንደማለት ነው። ቢሮክራሲ የትም አገር አንድ ቋንቋ ይናገራል።

ቴምብሮቹ ምን መሰሉ? ሁሉንም ዓይነት። አንዳንዱ አውራጃ ሀብታም ነው፤ ፒተርስቡርግ ካለው የመንግሥት ማተሚያ ቤት በጥሩ ቀለም ያሳትማል። ሌላው እዚያው ከተማው ካለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ያሠራል። እርስ በርሱ የማይመሳሰል፣ ቀለሙ የፈሰሰ፣ የተጣመመ ቴምብር ይወጣለታል። በእጅ ማኅተም እየመታ የሠራም አለ። ብዙዎቹ የአካባቢያቸውን ዓርማ አደረጉበት። ከ150 በላይ አውራጃዎች ቴምብር አውጥተዋል። በዓይነት ብትቆጥሩት ከ2,000 አያንስም። ከጥቂቶቹ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው በጣት የሚቆጠር ነው።

ዋጋው ግን የሁሉም ትንሽ ነው። የመንግሥቱ ፖስታ በአገር ውስጥ ለአንድ ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት 7 ኮፔክ ያስከፍል ነበር። የአውራጃው ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ኮፔክ ነው። ገበሬው ለከተማ ዘመዱ ሲጽፍ ሁለቱንም ይለጥፋል። የአውራጃው ቴምብር ከመንደሩ እስከ አውራጃው ከተማ ያደርሰዋል፤ የመንግሥቱ ደግሞ ከዚያ ወዲያ። ያ ባለ ሁለት ቴምብር ፖስታ እንግዲህ ይህ ነው።

ቴምብሩ ለምን አስፈለገ? ፖስተኛው 3 ኮፔክ እጅ በእጅ ተቀብሎ ማድረስ አይችልም ነበር? ይችላል። ግን ገንዘብ እጁ ከገባ ስንት ደብዳቤ እንዳደረሰ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዋጋውም እንደ ሰውየው ፊት ይለያያል። የቸኮለ ሰው ይጨምራል። መበለቷ ታለቅሳለች፣ ባላባቱ ይቆጣል። ቴምብር ሲኖር ገንዘቡ ቀድሞ ለምክር ቤቱ ገብቷል። ፖስተኛው የሚያየው ወረቀቷን ነው። ስንት ቴምብር ተሸጠ፣ ስንት ደብዳቤ ሄደ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ቴምብር ስናይ ሥዕሉ ይማርከናል እንጂ መጀመሪያ የሒሳብ መቆጣጠሪያ ነበር። የንጉሡ ፊትም ሆነ የአውራጃው ዓርማ «ይህ ሰው ከፍሏል፣ ሌላ እንዳትጠይቁት» የሚል ትእዛዝ ነው።

ጎሮ ላይ ያጣሁት ይህንን ነው። ሞተረኛው የጠየቀኝን ገንዘብ ብዛት አልጠላሁትም። ዋጋውን በዚያች ደቂቃ ከድምፄ መዝኖ ማውጣቱ ነው የከነከነኝ።

ብዙዎቹ የአውራጃ ፖስታዎች በገንዘብ አላተረፉም። ቴምብር የሚሸጠው ለጋሪው ወጪ አይበቃም፤ ቀሪውን ምክር ቤቱ ከግብሩ ይደጉም ነበር። ደብዳቤ በነፃ ያመላልሱ የነበሩም አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የአውሮፓ ቴምብር ሰብሳቢዎች እነዚህን ቴምብሮች እንደሚያሳድዱ ያወቁ አንዳንድ አውራጃዎች ነበሩ። ለደብዳቤው ከሚያስፈልገው በላይ በየቀለሙ እያሳተሙ ሸጡላቸው። ብልጥ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ጋሪ የሚጎትት ፈረስም ገብስ ይበላል።

ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ምክር ቤቶቹ ፈረሱ፤ ፖስታቸውም አብሮ ቀረ። ከዚያ በፊት ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የአንድ ግዙፍ አገር የገጠር ደብዳቤ በእነሱ ትከሻ ላይ ነበር።

የእኛም ቴምብር የሰፈር ቴምብር ነበር

ወደ አገራችን እንምጣ። ከፖስታ ቤት በፊት መልእክተኛ ነበር። ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ያቺ በትር ራሷ መታወቂያ ነች። ሰውየው ተራ መንገደኛ እንዳልሆነ ከሩቅ ትናገራለች።

ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነው። ሥራውን በማደራጀት የስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ እጅ ነበረበት። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ። ሰባት ናቸው። በአራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ። ዋጋቸው ከሩብ ገርሽ እስከ 16 ገርሽ ይደርሳል። በዚያን ዘመን 16 ገርሽ አንድ ጠገራ ብር ነው።

ከመጀመሪያዎቹ የፖስታ ማኅተሞች አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? «እንጦጦ»። ዛሬ እንጦጦ የከተማው ዳር ነው። ሰው ለእግር ጉዞና ለፎቶ የሚወጣበት። የአገሪቱ ፖስታ ሲጀመር ግን ደብዳቤ የሚነሣው ከዚያ ነበር። እንጦጦ፣ ከዚያ ሐረር፣ ከዚያ ጅቡቲ። በእግረኛ፣ በበቅሎ፣ በረሃው ላይ በግመል። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909። ዳርና መሀል ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህን ለአራብሳ ልጆች ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል።

ነገሬ ግን ወዲህ ነው። የምኒልክ ቴምብር የንጉሠ ነገሥት ቴምብር ነበር፤ በዓለም ዓይን ግን ልክ እንደዚያ የሩሲያ አውራጃ ቴምብር ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አልነበረችም። ስለዚህ ቴምብራችን የሚሠራው እስከ ድንበር ነው። ለፓሪስ የሚጽፍ ሰው የምኒልክን ቴምብር ይለጥፋል፤ ከጎኑ ደግሞ ከጅቡቲ ወዲያ የሚያሻግረውን የፈረንሳይ ቴምብር ይጨምራል። አንድ ፖስታ፣ ሁለት ቴምብር። ፈረንሳዮቹ ሐረርና አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን ፖስታ ቤት እስከመክፈት ደርሰው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የወጡት ቴምብሮች ላይ የታተሙት ጽሑፎችም ሌላ ጨዋታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 በቀድሞዎቹ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል ቃል ተመታባቸው። በ«ፖ» ሳይሆን በ«ቦ»። አያቴ እስክትሞት ድረስ «ቦስታ ቤት» ነበር የምትለው። እኛ እየሳቅን እናርማት ነበር። ለካ እሷ ቴምብሩ እንደሚለው ነው የምትለው።

ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ሆነች። ከዚያ ቀን በኋላ አንዱ ቴምብር በቃ። ይህ እንዴት ሆነ? ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊስ ከተማ በበርን ሲመሠረት የተስማሙበት ዋና ነገር ይህ ነው። ዓለም ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ አገር ይቆጠር። ላኪው አንድ ጊዜ ይክፈል፤ የላኪው አገር ገንዘቡን ይያዝ። ተቀባዩ አገር ደግሞ «እኔስ?» ሳይል ያድርስ። ምክንያቱም እሱም ነገ ይልካል። ሌላው አገር እንዲሁ ያደርስለታል። ይህን ውል ከፈረሙ በኋላ ሁለተኛው ቴምብር የማያስፈልግ ሆነ። ማንም ፈጣን ፈረስ ስላገኘ አይደለም። ስለተስማሙ ነው።

የሰፈራችን ጣጣ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ችግሩን ስንወያይ ሁልጊዜ ስለ መንገዱ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሞተሩ ነው የምናወራው። ሞተርማ አለ። ሚኒባስም አለ፣ ባጃጅም አለ፣ ሱቅም አለ። ፖስታዬም እኮ ደርሷል! የጎደለው በሞተረኛውና በረዳቱ፣ በረዳቱና በባለሱቋ መካከል የበርን ውል ነው።

የሳጥን ቁጥር ያለው ማን ነው?

የእኛ ፖስታ ለምን ሰፈር ድረስ አልመጣም? አንዱ መልስ ሳጥኑ ነው። በአገራችን ደብዳቤ ሰውን ቤቱ ድረስ አይፈልገውም፤ ሰው ነው ሳጥኑ ድረስ የሚሄደው። ሳጥን በዓመት ይከራያል፣ ቁልፍ ይሰጣል። የግል ሳጥን ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ አስተማሪው በትምህርት ቤቱ ሳጥን፣ ቄሱ በደብሩ ሳጥን፣ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ሳጥን ይጻጻፍ ነበር። ገጠር ያስተማሩ ሰዎች ስማቸው በሰልፍ ላይ ሲጠራ ደብዳቤ የተቀበሉበትን ቀን ያስታውሳሉ። እንግዲህ ያም ከሩሲያው የንኡስ ወረዳ ጸሐፊ ብዙ አይርቅም።

ሳጥኑ መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለበት ከተማ ሌላ ምን ይደረጋል? በየቤቱ ማድረስ ውድ ነው። ከመሀል ከተማ እስከ አንድ መስኮት የሺህ ሰው ደብዳቤ በአንድ መኪና ይሄዳል። ከመስኮቱ ወደ ሺህ በር ለመድረስ ግን ሺህ ጊዜ መቆም አለ። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይወደዳል። በየትኛውም አገር።

አሜሪካኖቹ ይህን ወጪ መንግሥት ይሸከመው አሉ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የእነሱም ገበሬ ደብዳቤውን የሚያመጣው በፈረስ ከተማ ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1896 በዌስት ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ በነፃ ማድረስ ተሞከረ። በ1902 ቋሚ ሆነ። ግን እነሱም በባዶ አልሰጡም። መንገዳችሁ የማያስኬድ ከሆነ ፖስተኛ አንልክም አሉ። ገበሬው ደብዳቤ ፈልጎ መንገዱን ጠገነ፤ ሳጥኑንም ከመንገድ ዳር ተከለ። ፖስተኛው በጋሪው ቴምብር ይሸጣል፣ ሐዋላ ይቀበላል። ተንቀሳቃሽ ፖስታ ቤት ነው። ለእኛ ይህ ለጊዜው ሩቅ ነው፤ ስለዚህ አልቆይበትም።

ዳር ላይ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ቦታው ራሱ ስሙን ይለዋውጣል። እኛ ስንገባ ቦሌ ክፍለ ከተማ ነበርን፤ አሁን ለሚ ኩራ ነን። ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱ ነው የተንቀሳቀሰው። ሸገር ከተማ ሲመሠረትም በዙሪያው ያሉ ከተሞች ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ትናንት ሰበታ ወይም ሱሉልታ ብቻ ይባል የነበረው ዛሬ በሌላ ከተማ ሥር ይጻፋል። ስለዚህ አድራሻ የሚባለው ነገር ምልክት ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ።» «ከኪዳነ ምሕረት ጀርባ።» «ድሮ ጋራዥ የነበረበት።» ይህን የመጨረሻውን በጣም እወደዋለሁ። የሌለ ነገር አድራሻ ሲሆን የትም አላየሁም።

ሎኬሽን ነገሩን ፈታው ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ሎኬሽን ግን የሚነግራችሁ ብሎኩ የት እንደሆነ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ተከራይ ከወር በፊት እንደለቀቀች አይነግርም። እቤት የሌለ ሰው ዕቃውን ማን ይቀበልለት እንደሆነም አያውቅም። ያንን የሚያውቅ ሰው ነው።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ፖስታ ኅብረት ልዩ ጉባኤውን ያካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የዓለም ፖስታ ሹማምንት በሙሉ መጥተው ነበር። ከአዳራሹ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢጓዙ ኖሮ አድራሻ የሌላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ያዩ ነበር። አልመጡም፤ የሚመጡበት ምክንያትም አልነበራቸውም። ጉባኤ ጉባኤ ነው።

ጡሩንባው ያለው ማን ጋ ነው?

ታዲያ በዳር ሰፈር የሩሲያን ዜምስትቮ የሚመስል ነገር አለን? ወረዳው ነው እንዳትሉኝ። ወረዳ ከላይ የመጣ ነው። የሚመስለው ዕድር ነው።

አስቡት። ዕድር የአባላት መዝገብ አለው። ወርኃዊ መዋጮ አለው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ያልከፈለ ይቀጣል። ከሁሉ በላይ ግን በየቤቱ የሚደርስ ሰው አለው። በቆዩት ሰፈሮች ጎህ ሳይቀድ ጡሩንባ እየነፋ የሚያልፈው ሰው ማን ነው? የሰፈሩ ፖስተኛ ነው! መልእክቱ አንድ ዓይነት ሆነ እንጂ። የሩሲያው መንግሥት ቀንደ መለከቱን ከአውራጃ ፖስተኞች ከለከለ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መለከቱ አለ፣ ፖስታው የለም።

ይህን ሐሳብ ለሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነገርኳቸው። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እኛ የምንሰበሰበው ለመቅበር ነው። የሰው ዕቃ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? አንድ ስልክ ቢጠፋ ዕድሩ ይፈርሳል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ያውም ኮንዶሚኒየም ላይ ዕድር ገና እግሩን አልተከለም። ተከራዩ ይመጣል፣ ይሄዳል። አብዛኛው አባል መርዶውን የሚሰማው በቴሌግራም ነው። ስለዚህ ዕድር ፖስታ ያመላልስ ብዬ አልከራከርም። የምለው ሌላ ነው። መዝገብ፣ የታወቀ ዋጋ፣ የሚጠየቅ ሰው። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ማቆም የሚችል ሕዝብ መሆናችንን ዕድር ያሳያል። ለሞት ያደረግነውን ለፖስታ ማድረግ አቅቶን አይደለም። ማንም ስላላሰበበት ነው።

ለማንኛውም የሚሄደው ጋሪ ደግሞ አለን። ከጎሮ ወደ አራብሳ ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ረዳቶቹ ቁልፍ፣ መድኃኒት፣ የልጅ ምሳ ዕቃ፣ አንዳንዴም ልጁን ራሱን ያደርሳሉ። ዋጋው ግን «እንደፈለግሽ» ነው። «እንደፈለግሽ» ደግሞ ከዋጋ ሁሉ ውዱ ነው። የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበርና መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ቢስማሙ፣ ለአንድ ፖስታ ይህን ያህል፣ ለአንድ ካርቶን ይህን ያህል ብለው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ፣ የአውራጃው ፖስታ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። የዕቃ አድራሽ ድርጅቶቹም ከጎሮ ወዲያ ያለውን ዋጋ ከላኪው ቀድመው ተቀብለው ለሰፈሩ ቢያካፍሉ፣ ሁለተኛው ቴምብር አንደኛው ውስጥ ይገባል። ምኒልክ ከዓለም ጋር የጨረሱትን ስምምነት ከጎሮ ጋር መጨረስ ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። ምናልባት የሚያከብደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሁኑ አሠራር የሚጠቅመው ሰው አለ። ዋጋው ካልተጻፈ ተደራዳሪው ያተርፋል።

ያቺ ባለሱቅ ግን ማንንም አልጠበቀችም። ባለፈው ሳምንት የሌላ ሰው ዕቃ ልቀበል ስሄድ ባንኮኒው ላይ አንድ ባለ መስመር ደብተር አየሁ። ስም፣ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ማን እንዳመጣው። መጨረሻ ላይ የወሳጁ ፊርማ። ለአንድ ዕቃ 20 ብር። «ሰው ነዘነዘኝ፣ ሁሉም የኔን አልሰጠሽም ይላል» አለችኝ። 20 ብሩን ስሰጣት ከመሳቢያዋ ክብ ማኅተም አወጣች። መርካቶ አስቀርጻው ነው። ቀለሙ ላይ ሁለቴ ጫን ጫን አደረገችና ካርቶኑ ላይ መታችው።

ሰማያዊ ነው። ትንሽ ተንጋዷል። ከላይ የሱቋ ስም፣ ከሥሩ «ተከፍሏል» ይላል። ዋጋ የለውም፣ ቀንም የለውም። ካርቶኑን ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት ማኅተሙ ያለበትን በኩል በምላጭ ቆርጬ አስቀረሁት።